በዊንዶውስ 7 ላይ ያለው ክሮም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ድረ ገጾችም አልከፈት ብለዋል

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የዕለት ሥራዬ ማመልከቻና ደብዳቤ መጻፍ፣ ሰነድ ማባዛት፣ ከዚያም አልፎ ስልካቸው ለማይመች ሰዎች ፎርም በኢንተርኔት መሙላትና የተማሪዎችን ውጤት አይቶ ማተም ነው። ያለን ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 የተጫነበት፣ 2 ጊጋባይት ራም ያለው የቆየ ዴስክቶፕ ሲሆን፣ ኢንተርኔት የማገኘው ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ በማገናኘት ነው።

ችግሩ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው የቆየ ነው፤ ክሮም ጥቂት ታብ ከተከፈተበት በኋላ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መስኮቱ ነጣ ይልና አናቱ ላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ ቆይቶ ይመለሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዘግቼው እንደገና ለመክፈት ምልክቱን ስጫን ምንም መስኮት ሳይመጣ ይቀራል። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ በክረምት ተበላሽቶ፣ ለጥገና ሄዶ ከተመለሰ በኋላ የመጣ ነው። ገጽ ልከፍት ስል ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ይቀድመኛል። አንዳንዱን ገጽ ከግርጌ ያለውን አማራጭ ተጭኜ በማለፍ እከፍተዋለሁ፤ ጉግልና ፌስቡክ ግን የማለፊያ አማራጭ እንኳን አይሰጡኝም። ከዚህም ሌላ ክሮም ራሱ ወደፊት አፕዴት ለማግኘት ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል የሚል መስመር ከላይ ያሳየኛል።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ገጽ ላይ «ብሮውዘርዎ ስላረጀ ይህን ተጭነው ያድሱ» የሚል ትልቅ ቁልፍ መጥቶብኝ ስለተጠራጠርኩ ሳልጫነው ተውኩት። የቤቱ ባለቤት ለጊዜው አዲስ ኮምፒውተር የመግዛት አቅም የላቸውም። ባለን ዕቃ ምን ማድረግ እንደሚቻል የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት

በእኔ ግምት ሁሉም ችግር የመጣው ክሮሙ ስላረጀ ነው። ከኮንትሮል ፓነል ገብተው ሙሉ በሙሉ ያጥፉትና አዲሱን አውርደው ይጫኑት፤ ብዙውን ጊዜ ይኼ ብቻ ይበቃል። ከዚህ ጋር የኮምፒውተሩን ጎን ከፍተው የፋኑን አቧራ ያራግፉ። እኛ ቆላ ስለሆንን በሙቀት የሚፈዝ ኮምፒውተር ብዙ አይተናል፤ እናንተ ዘንድ ብርዱ ቢያግዛችሁም አቧራው ግን ደጋ ቆላ አይልም።

መልስ፦ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁም። በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ስለ አቧራው የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። ክሮሙን ስለማጥፋት የተባለውን ግን እባክዎ አሁን አያድርጉት። ጉግል ለዊንዶውስ 7 እና ለዊንዶውስ 8.1 ክሮም ማውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ሲሆን፣ በእነዚህ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ስሪት 109 ነው። ከ110 ጀምሮ ያሉት ዊንዶውስ 10 ካላገኙ አይጫኑም። ስለዚህ ያለዎትን አጥፍተው አዲሱን ለመጫን ቢሞክሩ አዲሱ እምቢ ይልዎታል፣ የቀድሞውም አይኖርም፤ ገበያ በሚደምቅበት ቀን ያለ ብሮውዘር ይቀራሉ ማለት ነው። ከላይ የሚያዩት መስመርም የሚነግርዎ ይህንኑ ነው፤ የብልሽት ምልክት አይደለም።

ሁለቱን ችግሮች ለየብቻ ማየት ይገባል፤ መነሻቸው የተለያየ ነው። መቆሙ የአቅም ጉዳይ ነው፤ የገጾቹ አለመከፈት ግን ከአቅም ጋር አይገናኝም። ከሁለተኛው ልጀምር፤ ምክንያቱም መፍትሔው የደቂቃዎች ሥራ ሊሆን ይችላል ብዬ እጠረጥራለሁ። በኮምፒውተሩ ግርጌ በስተቀኝ ያለው ቀን ምን ይላል? ዓመተ ምሕረቱን ጭምር እንዳለ ጽፈው ይላኩልኝ።

እስከዚያው ስለ መቆሙ ልጻፍ። በተለምዶ ሃንግ አደረገ የምንለው ነገር ሦስት ዓይነት ነው፤ አንድ ታብ ብቻ ሊቆም ይችላል፣ ብሮውዘሩ በሙሉ ሊቆም ይችላል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ሊቆም ይችላል። ለመለየት ቀላሉ መንገድ በቆመበት ጊዜ ሌላ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ወርድን፣ መክፈት ነው። ወርድ እንደ ወትሮው ከተከፈተ ችግሩ ከብሮውዘሩ አያልፍም። ወርድም ከዘገየ፣ የሃርድ ዲስኩም መብራት ሳያቋርጥ የሚበራ ከሆነ ራሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ለሥራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ፣ ሞልቶ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ እያመላለሰ ነው። ሃርድ ዲስክ ከራም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ ለእኛ የቆመ ይመስለናል እንጂ ማሽኑ ሥራ ላይ ነው። እርስዎ «ቆይቶ ይመለሳል» ያሉትም ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ክሮም እያንዳንዱን ታብና እያንዳንዱን ተጨማሪ መሣሪያ፣ ማለትም ኤክስቴንሽን፣ በአብዛኛው ለየብቻው ስለሚያስኬድ በ2 ጊጋባይት ራም ላይ ዊንዶውሱ ከወሰደው የሚተርፈው ብዙ አይደለም። ክሮም ውስጥ ሆነው የሺፍትና የኤስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ሲጫኑ የክሮም የራሱ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ የትኛው ገጽ ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ በዚያ ስለሚታይ ትልቁን መርጠው ማስቆም ይችላሉ፤ የቀሩት ገጾች አይነኩም። በዚሁ አጋጣሚ የማያውቋቸው ኤክስቴንሽኖች ካሉ ያጥፏቸው። ከነጻ ሶፍትዌር ጋር ተደብቀው የሚገቡ «ረዳቶች» በጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮች ላይ ሲገኙ ብርቅ አይደለም።

ምልክቱን ሲጫኑ መስኮት የማይመጣው ደግሞ የቀድሞው ክሮም ከጀርባ ሳይሞት ስለሚቀር ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ይክፈቱ፣ «ፕሮሰስስ» በሚለው ውስጥ የክሮም ስም ያለባቸውን ሁሉ ያስቁሙ፣ ከዚያ እንደገና ይክፈቱት። በማስተካከያው ውስጥ፣ ክሮም ከተዘጋ በኋላም ከጀርባ መሥራቱን እንዲቀጥል የሚፈቅደውን ምርጫ ያጥፉት። እዚያው አካባቢ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚለውንም አጥፍተው ይሞክሩት፤ የድሮ ግራፊክስ ባላቸው ማሽኖች ላይ መስኮቱ ነጥቶ እንዲቀር የሚያደርገው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ሲቆም በንዴት የኃይል ገመዱን አይንቀሉ። ብሮውዘሩ ታሪክዎን፣ የተቀመጡ ገጾችዎንና ማስተካከያዎን የሚይዝበት ማኅደር እየተጻፈበት ሳለ ኃይል ሲቋረጥ ይበላሻል፣ ቀጥሎም ክሮም ሲከፈት ጀምሮ መንገዳገድ ይጀምራል። መብራት ሲሄድ የሚደርሰው ጉዳት ይበቃናል።

ካሽ፣ ማለትም ብሮውዘሩ ከጎበኟቸው ገጾች ያስቀመጠውን ሥዕልና ፋይል፣ ስለ ማጽዳት ብዙ ሰው ይመክራል። አልፎ አልፎ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ኢንተርኔትዎ በሞባይል ዳታ ከሆነ በየቀኑ ማጽዳት ኪሳራ ነው፤ ያጸዱትን ሥዕልና ፋይል ሁሉ በገንዘብዎ እንደገና ያወርዱታል።

ከጠያቂዋ፦ ከመሐል ሜዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታስክ ማናጀሩን አይቻለሁ፤ ከገጾቹ ሁሉ በላይ ሜሞሪ ይዞ የተገኘው ማን እንደጫነው የማላውቀው፣ ዋጋ አወዳድራለሁ የሚል ኤክስቴንሽን ነበር። አጥፍቼዋለሁ፤ ለውጡም ወዲያው ታይቷል።

ቀኑ ኅዳር 9 ቀን 2018 ይላል። ማለትም በቁጥር 09/03/2018 ተብሎ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩን የጠገነው ባለሙያ ለደብዳቤ እንዲያመቸን ብሎ በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል፤ ደብዳቤዎቹ ላይ ቀኑ በራሱ እንዲገባ ስለተደረገ ባለቤቱም ወደውታል። ባለፈው ወር መጨረሻ ግን ሁለት ቀን ቀድሞ ስለተገኘ በእጅ አስተካክለውታል፤ ለምን እንደቀደመ አልገባንም። ይህ ከገጾቹ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ ከደብረ ብርሃን

እንደ ጠረጠርኩት ነው፤ መነሻው ይኸው ነው።

አስተማማኝ የተባለ ድረ ገጽ ሁሉ ማንነቱን የሚያሳይበት ሰርተፍኬት አለው። ሰርተፍኬቱ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል ተጽፏል፤ ዘመኑም በዛሬው አሠራር ከአንድ ዓመት ብዙ አያልፍም፣ አንዳንዱም ለ90 ቀናት ብቻ የሚሰጥ ነው። ብሮውዘሩ ያንን ቀን የሚያመሳክረው በኮምፒውተሩ ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ 2018 ሲባል የሚገባው እ.ኤ.አ. 2018 ነው። ዛሬ ግን በፈረንጆቹ ኅዳር 2025 ላይ ነን። ስለዚህ በ2025 የተሰጠ ሰርተፍኬት ለኮምፒውተሩ ገና ከሰባት ዓመት በኋላ የሚሰጥ ሰነድ ሆኖ ይታየዋል፤ አልቀበልም ማለቱም ከእርሱ አንጻር ተገቢ ነው።

ሁለት ቀን የቀደመበትም ምክንያት ይኸው ነው። ጥቅምት ሁለተኛው ወር ስለሆነ ኮምፒውተሩ የካቲት ነው ብሎ ያምናል፤ የፈረንጆቹ የካቲት በ2018 የነበረው 28 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ከ28 ማግስት ወደ ሦስተኛው ወር ዘለለ፣ የእኛን ጥቅምት 29 እና 30 ሳይቆጥር። ጳጉሜን ሲደርስ 13ኛ ወር ቢፈልጉለት እንደማያገኙ ለባለቤቱ ይንገሯቸው። ቀኑ ደብዳቤው ላይ በእጅ ቢጻፍ ይሻላል።

ጉግልና ፌስቡክ የማለፊያ አማራጭ ያልሰጡዎት፣ እንዲህ ያሉ ገጾች ሰርተፍኬቱ ካልተረጋገጠ ተጠቃሚው በምንም መንገድ እንዳያልፍ ለብሮውዘሩ አስቀድመው ስለሚያሳውቁ ነው። ሌሎቹ ያንን አላደረጉም። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው፣ በማለፊያው ተጭነው በከፈቱት ገጽ ላይ የደንበኛን የይለፍ ቃል፣ የመታወቂያ ቁጥር ወይም የባንክ መረጃ አይሙሉ። ዛሬ ምክንያቱ የቀኑ ስሕተት ሆነ እንጂ፣ ያው ማስጠንቀቂያ ሌላ ቀን በእውነት ሌላ ሰው መካከል ስለገባ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ማለፍ የለመደ እጅ ሁለቱን አይለይም።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ቀኑን በእጅዎ ወደ እ.ኤ.አ. ይመልሱ፤ የሰዓት ክልሉን ደግሞ ከዝርዝሩ «ናይሮቢ» የሚለውን ይምረጡ፤ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ሰዓቱንም በፈረንጆች አቆጣጠር ያድርጉት፤ የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 9 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ በኢንተርኔት ራሱን እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ይጫኑ። ቅደም ተከተሉ ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ በዓመታት ሲቆጠር ዊንዶውስ ለደኅንነት ሲል በኢንተርኔት ማስተካከሉን አሻፈረኝ ስለሚል መጀመሪያ በእጅ ማቀራረብ ግድ ነው።

መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ቀኑ ወደ ድሮ ከተመለሰ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባትሪ ሞታለች ማለት ነው። ሳንቲም የምታክል፣ ሲአር 2032 የምትባል፣ 3 ቮልት ያላት ባትሪ ናት፤ ሰዓት ከሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ መጠየቅ ይቻላል። ገመዱን ነቅለው፣ አሮጌዋን ነቀል አድርገው አዲሷን የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርገው ማስገባት ነው።

ያንን ትልቅ ቁልፍ ስላልተጫኑ እሰየው። ብሮውዘር መታደስ ሲኖርበት የሚናገረው ራሱ ብሮውዘሩ ነው እንጂ የጎበኙት ገጽ አይደለም። ለማረጋገጥ ከፈለጉ በክሮም የሦስት ነጥቡን ምልክት ተጭነው ከእገዛ ሥር «ስለ ጉግል ክሮም» የሚለውን ይክፈቱ፤ ስሪቱ ስንት እንደሆነና አዲስ ካለ በዚያ ይታያል። ከዚያ ውጭ «አድስ» የሚል ሁሉ ቫይረስ ሊጭንብዎ የመጣ አድርገው ይቁጠሩት።

መልስ፦ ከእነዋሪ

የትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ከደብረ ብርሃን የተጻፈው ሁሉ ትክክል ቢሆንም አንድ ነገር በጊዜ ቢነገር ይሻላል ብዬ ነው። ቀኑ ተስተካክሎ ክሮም 109 ቢሠራም፣ ከ2023 ወዲህ የተገኘ የደኅንነት ቀዳዳ ሁሉ አልተደፈነለትም። ዊንዶውስ 7 ራሱ ከማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ የተለየው እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 ነው። የሰው ፎርም የሚሞላበት ማሽን በዚህ ሁኔታ መቀጠል የለበትም። እኛ ጋ የነበሩትን የቆዩ ኮምፒውተሮች በዊንዶውስ ፈንታ ወደሚጫነው ሥርዓት፣ ወደ ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ ወደሚባለው ቀለል ያለ ዓይነቱ፣ ቀይረናቸዋል። በነጻ ይገኛል፤ ፋየርፎክስ አብሮት ስለሚመጣ ብሮውዘሩ ሁልጊዜ አዲስ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ይሁን እንጂ በ2 ጊጋባይት ራም መነሣት ይችላል፤ ምቾት ከፈለጉ 4 ቢያደርሱት ይመረጣል። መጫን ሳያስፈልግ ከፍላሽ ላይ አስነሥተው መሞከርም ይቻላል።

ከጠያቂዋ፦ ከመሐል ሜዳ

ቀኑን አስተካክዬ ጉግልም ሌላውም ተከፍቷል፤ ባለቤቱም በጳጉሜኑ ነገር ስቀው ተቀብለዋል። አንድ የመንግሥት ገጽ ግን አሁንም ሰርተፍኬቱን አላምንም ይለኛል፤ በስልኬ ያለ ችግር ይከፈታል። ሊኑክሱን በተመለከተ ግን ሥራችን ከኢንተርኔት ይልቅ ጽሕፈት ስለሆነ እፈራለሁ። ብዙ የደንበኞች ሰነድ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነው፤ ፕሪንተራችንም የቆየ ነው።

መልስ፦ ከደብረ ብርሃን

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ለትምህርት ቤት የሚስማማ ለጽሕፈት ቤት ላይስማማ ይችላል። በቀድሞው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ሰነድ ያ ፊደል በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል፤ የቆየ ፕሪንተርም በአዲስ ሥርዓት ላይ እንደሚሠራ ሳይሞከር ቃል አይገባም። መምህሩ ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል ያሉት ለዚህ ይጠቅማል፤ ፕሪንተሩ የሚያትም መሆኑን ምንም ሳይነኩ ያዩታል። ወደ ዊንዶውስ 10 ልሂድ ካሉ ደግሞ በ2 ጊጋባይት ላይ ከአሁኑ የባሰ ይቆማል፤ መደበኛ ድጋፉም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና በቆዩ ማሽኖች ላይ የማይገኝ የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ አይታሰብም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፣ ዊንዶውሱን ለጽሕፈቱ እንዳለ ይተዉትና ለኢንተርኔት ክሮምን ትተው ፋየርፎክስ 115ን፣ ኢኤስአር የሚባለውን የረጅም ድጋፍ ስሪት፣ ይጠቀሙ። በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው የፋየርፎክስ መስመር እርሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣ ወዲህ አዘጋጁ ሞዚላ ለእነዚህ አሮጌ ዊንዶውሶች ሲል የደኅንነት ማሻሻያውን ከአንድ ጊዜ በላይ አራዝሞታል። ለዘላለም ግን አይደለም። ያ የመንግሥት ገጽ አልከፈት ያለውም ምናልባት በዚህ አሮጌ ክሮም የሚታመኑት የሰርተፍኬት ሰጪዎች ዝርዝር ስላረጀ ይሆናል፤ ፋየርፎክስ የራሱን ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ በዚያ ሊከፈት ይችላል።

የመጫኛውን ፋይል ከሰው ፍላሽ አይቀበሉ። ቫይረሱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ብዙውን ጊዜ የቆየ ነው፤ ከ115.13 በታች ያሉት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 14 ቀን 2025 ጀምሮ ውስጣቸው ያለው ሰርተፍኬት ጊዜው ስላለፈ ኤክስቴንሽኖቻቸው መሥራት አቁመዋል። ከሞዚላ ገጽ በስልክዎ አውርደው በገመዱ ወደ ኮምፒውተሩ ያሳልፉት። ሲጭኑት የተቀመጡ ገጾችንና የይለፍ ቃሎችን ከክሮም ላምጣ ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል፤ የቤቱን ብቻ ያምጡ፣ ደንበኞች ባለፈው ጊዜ ያስቀመጧቸው ካሉ ከክሮሙ ላይ አስቀድመው ያጥፏቸው። ከእንግዲህ ለደንበኛ ሲሠሩ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒን ተጭነው በግል መስኮት ይክፈቱ፤ መስኮቱን ሲዘጉ ገብተውበት የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

ራም መጨመር ከተቻለ ከሁሉ በፊት እርሱን ያድርጉ። ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ዲዲአር 2 ይሁን ዲዲአር 3 ሳያዩ ግን አይግዙ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አሁን ያለውን ነቅለው ጽሑፉን ፎቶ አንሥተው ቢያያይዙልኝ የትኛው እንደሆነ እነግርዎታለሁ።